ልጅ ሚስዮናዊ ሆኖ ሲሄድ ቤተሰብ ምን ይወቅ?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዩታና በሌሎች የአሜሪካ ግዛቶች ከሚኖሩ አንባቢዎች ስለ ሞርሞን ሚስዮናውያን የሚደርሱን ጥያቄዎች ስለበዙ በዚህ እትም አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። የቤተ ክርስቲያኑ ሙሉ ስም የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ወጣት ወንዶቹ 24 ወር፣ ሴቶቹ 18 ወር ያለ ደመወዝ ያገለግላሉ፤ የሚሄዱበትን አገር አይመርጡም። የእምነት ክርክር እዚህ አንከፍትም። እኛን የሚያሳስበን በእነዚያ ወራት ልጅና ቤተሰብ እንዳይራራቁ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 19 ዓመቱ ነው። እዚህ ሶልት ሌክ ሲቲ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ወደ እነሱ ቤተ ክርስቲያን ገባ፤ አሁን ለሁለት ዓመት ሳኦ ፓውሎ፣ ብራዚል ተመድቧል። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። መጀመሪያ ተቀይሜው ነበር፤ አሁን የምፈራው ድምፁ እንዳይጠፋብኝ ነው። በዓመት ሁለቴ ብቻ ነው የሚደውሉት ሲባል ሰማሁ፤ እውነት ነው? አዲስ አበባ ያሉት እናቴም ሊያዩት ይፈልጋሉ።
— አንዲት እናት

መልስ፦ እናታችን፣ የሰሙት የቀድሞውን ደንብ ነው። እስከ 2019 መጀመሪያ ድረስ በሳምንት አንድ ቀን ኢሜይል ይጽፉ ነበር እንጂ ስልክ የሚደውሉት ለገናና ለእናቶች ቀን ብቻ ነበር። ከፌብሩዋሪ 15 ቀን 2019 ወዲህ ግን በየሳምንቱ፣ በዝግጅት ቀናቸው (ለራሳቸው ጉዳይ በሚሰጣቸው ቀን)፣ በስልክም በቪዲዮም ከቤተሰብ ጋር እንዲገናኙ ተፈቅዷል። ለልደትና ለትልልቅ በዓላትም እንዲደውሉ ይበረታታሉ። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 መዋሉንና ፋሲካችን በየዓመቱ የሚውልበትን ቀን ጽፈው ይስጡት፤ የሚስዮኑ መሪ ሊያውቀው ስለማይችል ልጅዎ አስቀድሞ ይንገረው።

ደዋዩ እሱ ነው፤ ቤተሰብ እንዲጠብቅ ነው የሚጠየቀው። የዝግጅት ቀን በብዙ ቦታ ሰኞ ሲሆን፣ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ያበቃል። ልብስ የሚያጥበው፣ አስቤዛ የሚገዛው፣ ጸጉሩን የሚቆረጠው፣ ቤት የሚያጸዳው በዚያው ቀን ነው። ሰዓት ካልተቆረጠ ጥሪው ከእነዚህ ጋር ሲጋፋ ይከርምና ከሁለት ወር በኋላ አስር ደቂቃ ብቻ ይሆናል። ለሦስታችሁም የሚመች ሰዓት እንዲህ ይፈልጉ፦ ሳኦ ፓውሎ ከረፋዱ 5 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ ሶልት ሌክ ደግሞ ከማርች እስከ ኖቬምበር ከጠዋቱ 2፣ ከኖቬምበር እስከ ማርች ከጠዋቱ 1 ሰዓት። ብራዚል ሰዓት መቀያየር በ2019 ስላቆመች፣ ኢትዮጵያም ስለማትቀይር፣ በማርችና በኖቬምበር የሚዛነፈው የእርስዎ ሰዓት ብቻ ነው። ብዙ ቤተሰብ ጥሪ የሚያመልጠው በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ነው። ልጅዎ ከመነሳቱ በፊት አንድ የቅርብ ዘመድ ለእናትዎ የቪዲዮ መደወያውን ከፍቶ ያለማምዳቸው።

ልጅዎ ሁልጊዜ ከአንድ ሚስዮናዊ ጓደኛ ጋር ነው የሚኖረው፤ በየስድስት ሳምንቱ በሚደረገው ዝውውር ጓደኛው ወይም ሰፈሩ ሊለወጥ ይችላል። ሲደውልም ያ ልጅ አጠገቡ አለ። አማርኛ ባይሰማ እንኳ ዕንባና ቁጣ ያያል። የቤት ጭቅጭቅ ወይም የእምነት ቅያሜ ካለ በጽሑፍ ይሁን፤ በጥሪው ሰዓት ግን ምን እንደበላ፣ ጓደኛው ከየት አገር እንደመጣ፣ ጫማው እንዳላለቀ ይጠይቁት። ናፍቆት የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። እያለቀሰ ቢደውል ጥሪውን ሁለት ሰዓት ማስረዘም አይረዳውም፤ ስልኩ ሲዘጋ የባሰ ይከፋዋልና። በተባባላችሁት ሰዓት መርቀው ይሰነባበቱት።

ከመሄዱ በፊት ቤት ሆኖ በኢንተርኔት መማር ይጀምራል፤ ከዚያ ማሠልጠኛ ይገባል። ቋንቋ ለሚማሩ ሥልጠናው በጠቅላላው ከ6 እስከ 9 ሳምንት ነው። ቪዛው ከዘገየ ለጊዜው አሜሪካ ውስጥ ሊመድቡት ይችላሉ። ይህ የተለመደ ነው፤ ቅጣት ወይም ችግር አይምሰልዎ።

ጥያቄ፦ የወንድሜ ልጅ አብሮኝ ነው የሚኖረው። ለሚስዮን በወር 500 ዶላር ይከፈላል አሉን። ለእሱ ብንልክለት ከታክስ ይቀነስልናል? ደግሞ ግሪን ካርድ ነው ያለው፤ ሁለት ዓመት ውጭ መቆየቱ ያስፈራናል።
— አንድ አጎት

መልስ፦ ገንዘቡ ቀላሉ ነው። ከ2020 አጋማሽ ጀምሮ ከአሜሪካ የሚነሳ ወጣት ወርሃዊ መዋጮው 500 ዶላር ነው፤ ቶኪዮም ይመደብ አክራ አይለያይም። በ24 ወር 12,000፣ በ18 ወር 9,000 ዶላር ይሆናል። የቤት ኪራዩ፣ ምግቡና መጓጓዣው ከዚያ ይሸፈናል። ሸሚዝ፣ ጫማ፣ ሻንጣና የሕክምና ምርመራ ከመነሳቱ በፊት ለብቻ የሚወጡ ናቸው። በጫማ አትቆጥቡ፤ ቀኑን ሙሉ በእግር ነው የሚሄዱት። አቅም ካጠረ ልጁ ለአጥቢያው ኤጲስ ቆጶስ ይንገር። በዚህ ቤተ ክርስቲያን ኤጲስ ቆጶስ ማለት አንድ አጥቢያ ብቻ የሚመራ፣ የራሱ ሥራ ያለው ደመወዝ አልባ ምእመን ነው፤ እንደ እኛ ጳጳስ አትፍሩት።

መዋጮውን በአጥቢያው በኩል ክፈሉ፤ በልጁ የባንክ ሒሳብ አታስገቡ። ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ሚስዮናውያን የነበሩ ዴቪስ የሚባሉ ባልና ሚስት በልጆቹ ሒሳብ ያስገቡትን ገንዘብ ከታክስ ሊያስቀንሱ ሲሉ ጉዳያቸው እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1990 ተሸንፈዋል። ምክንያቱ ገንዘቡ በቤተ ክርስቲያኑ ቁጥጥር ሥር አለመሆኑ ነው።

ግሪን ካርዱ ግን በእርግጥ የሚያሳስብ ነው። መጀመሪያ ልጁ ሳያውቀው ዜጋ ሆኖ እንደሆነ አጣሩ፦ 18 ዓመት ሳይሞላው፣ ግሪን ካርድ ይዞ ከወላጁ ጋር አሜሪካ እየኖረ፣ በሕግ የሚያሳድገው ወላጁ ዜግነት ካገኘ እሱም ዜጋ ሆኗል፤ የሚቀረው ፓስፖርት ማውጣት ነው። በአጎት ቤት መኖሩ ይህን ሊለውጠው ስለሚችል የወንድምህን ወረቀትና የልጁን አኗኗር አብራችሁ አሳዩ። ዜጋ ካልሆነና አምስት ዓመት ሞልቶት ከሆነ የዜግነት ማመልከቻውን ጨርሶ ቢሄድ ከሁሉ ይሻላል።

ሁለቱም ካልሆኑ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ውጭ የቆየ ሰው በግሪን ካርዱ ብቻ መመለስ አይችልምና የዳግም መግቢያ ፈቃድ በፎርም አይ-131 መጠየቅ አለበት። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማመልከቻው የሚገባው ልጁ አሜሪካ ውስጥ እያለ ነው፤ የአሻራ ቀጠሮም አለው። ፈቃዱ ቢበዛ ሁለት ዓመት ሲሆን የሚቆጠረው ከተሰጠበት ቀን እንጂ ከበረራው ቀን አይደለም፤ አይራዘምምም። ከጉዞው ሦስት ወር ቀድሞ ከተሰጠው፣ 24 ወሩ ሳያልቅ ሦስት ወር ቀድሞ ያበቃበታል። ስለዚህ የምደባ ማመልከቻው ሲሞላ ይህን ለኤጲስ ቆጶሱ በግልጽ ይናገር። ለዜግነት የሚቆጠረው የመኖሪያ ጊዜ እንዳይቋረጥበት ደግሞ በሃይማኖት ድርጅት ለተላኩ ሚስዮናውያን ፎርም ኤን-470 አለ፤ የዜግነት ማመልከቻውን ከማስገባቱ በፊት ግን አንድ ሙሉ ዓመት ሳይወጣ አሜሪካ መኖር ይጠይቃል። ኤን-470 የዳግም መግቢያ ፈቃዱን አይተካም። ሁለቱንም የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያይላችሁ አታስገቡ።

ኮሌጅ ጀምሮ ከሆነም ቦታውንና ስኮላርሺፑን እንዲያቆዩለት በጽሑፍ ይጠይቅ። የፌዴራል የተማሪ ብድር ካለበት ትምህርት ካቆመ ከ6 ወር በኋላ ክፍያ ይጠበቅበታል፤ እሱ ውጭ ሆኖ ደብዳቤው እናንተ ቤት ነው የሚከማቸው።

ጥያቄ፦ ለወንድሜ ሽሮና በርበሬ ልልክለት ፈልጌ ነበር። በየት አድራሻ?
— አንዲት እህት

መልስ፦ በሚስዮኑ ጽሕፈት ቤት አድራሻ ላኪለት፤ የላክሽው ዕቃ ሳይደርስ ቤቱ ሊቀየር ይችላል። በርበሬውን በሁለት ወፍራም የፕላስቲክ ከረጢት አሽጊ፤ ከፈሰሰ ሙሉ ጥቅሉን ያበላሻል፣ ጉምሩክም ያስከፍተዋል። ድርቆሽ ከእንጀራ ሁሉ የሚሻለው ነው፣ አይሻግትም። ቋንጣና ቅቤ አትላኪ፤ የእንስሳት ውጤት በብዙ አገር ይወረሳል። ያልተቆላ እህልም እንደ ዘር ይቆጠራል። በጉምሩክ ቅጹ ላይ «ስጦታ» ብለሽ ብቻ አትለፊ፤ እያንዳንዱን ዕቃ ከነግምቱ ጻፊ።

ጥያቄ፦ እህቴ ፊሊፒንስ ሚስዮናዊት ናት። ጎንደር ያለው አያታችን በጠና ታሟል። ቢሞት እንዴት ነው የምናረዳት? እናቴ እስክትመለስ ይደበቅ ትላለች።
— አንድ ወንድም

መልስ፦ የእናትህ ሐሳብ ከርኅራኄ የመጣ ነው፤ ግን አትደብቋት። በየሳምንቱ በቪዲዮ ታያችኋለች፤ «አያቴስ?» ትላለች፤ ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ፊት አይደበቅም። ከዚያ በላይ የሚያሰጋው ፌስቡክ ነው። ሚስዮናውያን ስማርት ስልክ ይይዛሉ፤ አንድ የሩቅ ዘመድ «ነፍስ ይማር» ብሎ ፎቶ ለጥፎ መንገድ ላይ ልታየው ትችላለች። መርዶ እንዲህ ሲደርስ ነው ሰው የሚሰበረው።

ስለዚህ አያታችሁ በሕይወት እያለ ተዘጋጁ። የሚስዮኑን መሪ ስልክ ከእህትህ ተቀበል፤ ሚስዮኑን ከባለቤቱ ጋር ሆኖ ነው የሚመራው። ከቤተሰቡ እንግሊዝኛ የሚችል አንድ ሰው ደዋይ ይሁን። የመታመሙን ዜና ለእህትህ አሁን ንገሯት፤ በሳምንታዊ ጥሪዋም አያትየውን አገናኟት፣ ይመርቃት።

የሞት ዜና ሲመጣ፣ ዘመድ ሁሉ ለጊዜው ምንም እንዳይለጥፍ አስጠንቅቃችሁ መጀመሪያ ለመሪው ደውሉ። ፊሊፒንስ ከጎንደር በ5 ሰዓት ስለምትቀድም ጎንደር ምሽት 3 ሰዓት ሲሆን እዚያ እኩለ ሌሊት አልፏል፤ ከእንቅልፏ ተቀስቅሳ አትረዳ፣ ይንጋ። ለመሪው ሦስት ነገር ንገረው፦ በስልክ ሳይሆን ሰዎች አጠገቧ ሆነው፣ ተቀምጣ፣ በማለዳ ትስማ፤ ወዲያው ከእናንተ ጋር በቪዲዮ ትገናኝ፤ ድምፅ አውጥታ ብታለቅስ፣ ደረቷን ብትደቃ እንዳይደነግጡ፣ የአገሯ ለቅሶ ነውና እንዲተዉላት። ይህ የመጨረሻው እጅግ አስፈላጊ ነው። የሌላ አገር ልጆች ሆነው ይህን አይተው የማያውቁ ጓደኞቿ ታመመች ብለው ሐኪም ሊጠሩ ይችላሉ።

ትመጣለች ወይ ለሚለው፣ አያት ሲሞት ብዙውን ጊዜ እዚያው ይቆያሉ። ቀብራችን በዕለቱ ወይም በማግስቱ ስለሆነም ብትነሳ አትደርስም። እናት፣ አባት ወይም ወንድም እህት ከሆነ ግን ለጊዜው ስለመመለስ ከመሪው ጋር በቀጥታ ተነጋገሩ። በቀረችበት ሐዘን እንድትካፈል በሣልስቱና በአርባው የሚነበብ ደብዳቤ ትጻፍ። የአርባውን ቀን አስቀድማችሁ ለመሪው አሳውቃችሁ ያን ቀን እንድትደውል ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ሁለት ነጭ ሸሚዝ የለበሱ ልጆች በሬን አንኳኩተው አሳዝነውኝ ምሳ ጋበዝኳቸው፤ ቡናዬን ግን አንጠጣም አሉ። ቅር አለኝ።
— አንዲት አንባቢ

መልስ፦ ቅር አይበልዎ፤ ቡና፣ ሻይ ቅጠልና አልኮል በእምነታቸው የተከለከለ ነው፤ ጠላና ጠጅም ያው ነው። በሶ፣ የተልባ መጠጥ ወይም ያለ ሻይ ቅጠል የፈላ ቀረፋና ቅርንፉድ ቢያቀርቡ በደስታ ይጠጣሉ። ቡናውን እርስዎ ያፍሉት፤ ፈንዲሻውን ይካፈላሉ። ቤት ውስጥ ብቻዎን ከሆኑ ወንዶቹ እንዳይገቡ ደንብ ስላላቸው ሌላ ወንድ ጎልማሳ በሚኖርበት ቀን ይቅጠሯቸው። በወሩ መጀመሪያ እሑድ ሁለት ማዕድ ይጾማሉ፤ የምግቡን ዋጋ ለችግረኛ ይሰጣሉ። በጃንዋሪ 27 ቀን 1985 በአሜሪካና በካናዳ ያሉት ምእመናን በዚሁ ልማድ ስለ ኢትዮጵያ ረሀብ ጾመው ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስበዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ ከሄደች በአምስት ወሯ ተመለሰች። ክፍሏን ዘግታ ትውላለች። ሰው ይጠይቀናል፤ ምን እንበል?
— እናትና አባት

መልስ፦ ለሰው አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ከእሷ ጋር ተስማሙ፤ «አገልግላ ተመልሳለች፣ ደህና ናት» ይበቃል። ምክንያቱን መናገር የእሷ መብት ነው፣ ለአክስትም ቢሆን። ድግስ እሷን ሳትጠይቁ አትደግሱ፤ ደግሞም ተደብቃ እንደመጣች አታድርጓት፣ ወደ ለመደችበት ቦታ ይዛችኋት ውጡ።

ቀድሞ የሚመለስ ወጣት ጥቂት አይደለም፤ ጉዳት፣ ሕመም፣ ጭንቀት፣ የቤት ችግር ወይም የራስ ውሳኔ ሊሆን ይችላል። በተለይ በዩታ ብዙዎቹን የሚያደክማቸው ሕመሙ ሳይሆን ኀፍረቱ ነው። ለወራት ለአንድ ሰዓት ብቻዋን ሳትሆን፣ በሰዓት ተከፋፍሎ በተሰጣት ቀን ኖራ በድንገት ባዶ ክፍል ውስጥ ገባች። ቀኗን የሚይዝ ትንሽ ነገር ስጧት፦ የሚታወቅ መነሻ ሰዓት፣ አብሮ መራመድ፣ አብሮ ማብሰል። በመጀመሪያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ውሰዷት፤ በሚስዮን ላይ የታከመችበት ሰነድ ካለ ከጽሕፈት ቤቱ አስልኩ። ዕድሜዋ ከ26 በታች ከሆነ በእናንተ የጤና ኢንሹራንስ ልትሸፈን ትችላለች፤ ስሟ ወጥቶ ከሆነ አሁኑኑ አስገቡ፣ ቀነ ገደብ አለውና። ምግብ ከተወች፣ እንቅልፍ ካጣች ወይም መኖር ሰለቸኝ ካለች ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወደ 988፣ የአሜሪካ የአእምሮ ጤና አስቸኳይ የእርዳታ መስመር፣ ደውሉ፤ ሌትም ቀንም ይመልሳሉ።

መጨረስ ከፈለገች ቤቷ እየኖረች የምታገለግልበት የአገልግሎት ሚስዮን አለ፤ ወደ ነበረችበት መመለስም ሐኪም ከፈቀደ ይቻላል። ግን ይህን ጥያቄ እሷ ታንሳው። እናንተም ኤጲስ ቆጶሱም ሳምንት ባልሞላ ጊዜ «መቼ ትመለሻለሽ?» አትበሏት።