እጃቸው ደህና ሆኖ እግራቸው ለምን ይከዳቸዋል?

ጥያቄ፦ አባቴ 61 ዓመታቸው ነው። ለረጅም ዘመን አረቄ ሲጠጡ ኖረው ካቆሙ ወራት አልፈዋል፤ ነገር ግን ዛሬም እንደ ሰከረ ሰው እየተንገዳገዱ ስለሚራመዱ ጎረቤት «ተደብቀው ይጠጣሉ» ይላል። በእጃቸው ግን መርፌ ላይ ክር ያስገባሉ። በኤምአርአይ ምርመራ «ትንሹ አንጎል ተኮማትሯል» ተብለናል። ይህ ክፍል ሥራው ምንድን ነው? ይድናሉ ወይ?
(አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ የገለጹልን ሁኔታ መጠጥ በትንሹ አንጎል (በሴሬቤለም) ላይ ከሚያደርሰው ጉዳት ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። ጉዳቱ መጠጥ ከተተወ በኋላም ሊቆይ ስለሚችል፣ አረማመዳቸውን ብቻ አይቶ ይጠጣሉ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ትንሹ አንጎል የሚገኘው ከማጅራት ከፍ ብሎ፣ ከትልቁ አንጎል የኋላ ክፍል ሥር ነው። ክብደቱ ከጠቅላላው አንጎል አንድ አሥረኛ ገደማ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ቆጠራ መሠረት ከ86 ቢሊዮን ያህሉ የአንጎል ነርቭ ሕዋሳት 69 ቢሊዮን የሚሆኑት የታጨቁት በዚህ ክፍል ውስጥ ነው። ጡንቻን በቀጥታ አያዝም፤ ትልቁ አንጎል ያዘዘውን እንቅስቃሴ ከጡንቻ፣ ከመገጣጠሚያና ከውስጠኛው ጆሮ ከሚደርሰው መረጃ ጋር እያስተያየ ያርማል። ስለዚህ ሲጎዳ ሰው ሽባ አይሆንም፤ ጉልበቱ እያለ ልኩ ይጠፋዋል። ብርጭቆ ለማንሳት የተዘረጋ እጅ ብርጭቆውን አልፎ ይሄዳል ወይም ሳይደርስ ይቀራል፤ ሊነካው ሲቃረብም ይንቀጠቀጣል።

የአባትዎ እጅ ለምን ተረፈ? የትንሹ አንጎል የቀኝና የግራ ክፍሎች በየጎናቸው ያሉትን እጅና እግር ሲያስተባብሩ፣ ቨርሚስ የሚባለው መካከለኛው ክፍል በተለይ የወገብን ሚዛንና አረማመድን ይቆጣጠራል። አልኮል ደግሞ አብዝቶ የሚያጠቃው የቨርሚስን የፊት ላይኛ ክፍል ሲሆን፣ በዚያ ያሉት ፑርኪንጄ የተባሉ ትልልቅ ሕዋሳት ይሞታሉ። በጠጪዎች ዘንድ የሚዘወተረው የቫይታሚን ቢ1 እጥረትም ለጉዳቱ ድርሻ አለው። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ እግሩን ከፈት አድርጎ ይራመዳል፤ ሐኪሙ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ጋር እያገናኘ እንዲሄድ ሲያዘው ጥቂት እንደተራመደ ወደ ጎን ይወድቃል።

የሞቱት ሕዋሳት አይተኩም። ሆኖም መጠጥን ፈጽሞ መተው ጉዳቱ እንዳይባባስ ያግዛል፤ ቢ1 በሐኪም ትእዛዝ ሲወሰድ፣ አመጋገብ ሲስተካከልና የሚዛን ልምምድ በፊዚዮቴራፒስት ሲሰጥ አረማመዳቸው በተወሰነ ደረጃ ሊሻሻል ይችላል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይንም መጠኑ ሲበዛ ተመሳሳይ መንገዳገድ ስለሚያስከትል፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሙ ያሳዩ። ዕጢና በዘር የሚተላለፉ ሕመሞችም ምክንያት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ኤምአርአይ የተነሣውም አንዱ ምክንያት ዕጢን ለመለየት ነው።

ወራት ሊፈጅ የሚችለው ይህ ሁሉ አንድ ነገር ነው፤ መንገዳገዱ በድንገት ቢብስባቸው፣ ከባድ ራስ ምታትና ትውከት ቢከተል፣ ወይም አእምሯቸው ግራ ተጋብቶ ዓይናቸው በአግባቡ መንቀሳቀስ ቢሳነው ግን ስትሮክ ወይም ከባድ የቢ1 እጥረት ሊሆን ስለሚችል፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።