60,000 ብሩን ከማውጣትሽ በፊት

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ከሌሎቹ ያስቀደምኩት ዝም ብዬ ላልፈው የማልችለው ነገር ስላለበት ነው።

ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ጸሐፊዋ የ25 ዓመት ወጣት ናት። ደሴ ተወልዳ ያደገች፣ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በማርኬቲንግ የተመረቀች። አሁን ኮምቦልቻ ባለ አነስተኛ ድርጅት ትሠራለች። ድርጅቱ የነጋዴን የሽያጭና የዕቃ መረጃ የሚተነትን ሶፍትዌር ይሸጣል። ሶፍትዌሩ የሌላ ኩባንያ ነው፤ እነሱ ወኪል ናቸው። ሥራ አስኪያጇ 60,000 ብር መድቦ «ከመስከረም እስከ ኅዳር በዲጂታል ማርኬቲንግ ደንበኛ አምጪ» ብሏታል። ፌስቡክ ላይ 20,000 ተከታይም ይፈልጋል። እሷ ደግሞ እንዲህ ትላለች፦ «የአይቲ ሰው አይደለሁም። ሶፍትዌሩንም ገና እየለመድኩት ነው። ብሩ አልቆ ደንበኛ ካልመጣ ስሜ ይጠፋል። አባቴ ደግሞ ይሄን ማስታወቂያ መለጠፍ ትተሽ የባንክ ፈተና ተፈተኚ ይለኛል።» ስለ ሰርተፍኬት፣ ስለ እንግሊዝኛዋና አዲስ አበባ ስለመሄድም ጠይቃለች።

አብሽሪ። የአይቲ ሰው አለመሆንሽ ችግር አይደለም። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ሦስት ገጽ ጽፈሽልኛል። ፌስቡክ አለ፣ ቡስት (ከፍሎ ፖስትን ለብዙ ሰው ማሳየት) አለ፣ ቪዲዮ አለ፣ ተከታይ አለ። አንድም ነጋዴ የለም። ሶፍትዌሩን ማን እንደሚገዛው፣ ለምን እንደሚገዛው አንድ መስመር አልጻፍሽም።

ይህ ለምን እንደሚያመኝ ልንገርሽ። ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት ስድስት ዓመት የሒሳብ ሶፍትዌር ሸጫለሁ። ከደሴ ሐይቅ፣ ከሐይቅ መርሳ፣ ከመርሳ ወልዲያ፣ በሚኒባስ። አንድ ጊዜ የምሠራበት ድርጅት 3,000 በራሪ ወረቀት አሳትሞ በየመንገዱ አደለ። ስልካችን ሁለት ሳምንት ሙሉ አላረፈም። ደስ አለን። ከዚያ መዝገቡን ቁጭ ብለን ስናየው ከደዋዮቹ አብዛኞቹ ሥልጠና የምንሰጥ የመሰላቸው ተማሪዎች ነበሩ። የቀሩት ሥራ ፈላጊዎች። አንድም ሶፍትዌር አልተሸጠም። በወሩ ሦስት ሰው ከሥራ ተቀነሰ፤ አንዷ የቅርብ ጓደኛዬ ነበረች። ዛሬ ወረቀቱ ወደ ፌስቡክ ተቀየረ እንጂ ስህተቱ ያው ነው።

እና ከሰውየው እንነሣ።

ኮምቦልቻ ሲባል መጀመሪያ ፋብሪካ ይታሰባል። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ብረቱ፣ በ2009 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ። እኔም በጊዜዬ በየበራቸው ቆሜያለሁ። ጥበቃው ያስገባሻል፣ የፋይናንስ ኃላፊው በትሕትና ያነጋግርሻል፣ ከዚያ «ውሳኔው ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው» ይልሻል። ዋናው መሥሪያ ቤት ደግሞ አዲስ አበባ ወይም ከአገር ውጭ ነው። በሦስት ወርና በ60,000 ብር እዚያ አትደርሺም። ተያቸው።

ያንቺ ሰው ሌላ ነው። ደሴ ላይ ጅምላ ማከፋፈያ፣ ኮምቦልቻ ላይ መጋዘን፣ ወልዲያ ላይ ቅርንጫፍ ያለው ነጋዴ ነው። የሕንፃ መሣሪያ፣ መድኃኒት ወይም የምግብ ሸቀጥ ይነግዳል። ደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ስለሆነ ሒሳብ መያዝ ግዴታው ነው። ሒሳብ ሠራተኛው ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ ይመዘግባል፣ ወሩ ሲያልቅ ወደ ኤክሴል አውጥቶ ሲያዳምር ያመሻል። ባለቤቱ የመስከረምን ትርፍ የሚያውቀው ጥቅምት ከተጋመሰ በኋላ ነው። አንድ የወልዲያ ነጋዴ ያለኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፦ «መጋዘኔ ሙሉ ነው፣ ኪሴ ባዶ ነው።»

ማስታወቂያሽ ላይ መጻፍ ያለበት እንዲህ ያለ ቃል ነው። ሥራ አስኪያጅሽ የሰጠሽ «ዘመናዊ የቢዝነስ አናሊቲክስ መፍትሔ» የሚለው ጽሑፍ ለዚያ ሰውዬ ምንም አይነግረውም።

ደግሞ ልብ በይ፣ ገዢው ሁለት ሰው ነው። ባለቤቱ ገንዘቡን ይከፍላል። ሒሳብ ሠራተኛው ግን «ይሄ ነገር አይሠራም» ካለ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ሠራተኛው «ሊቆጣጠሩኝ ነው፣ ሥራዬን ሊወስድብኝ ነው» ብሎ ይፈራል። ስለዚህ ሁለት መልእክት ያስፈልግሻል። ለባለቤቱ፦ የትኛው ዕቃ እንደሚያተርፍና የትኛው መጋዘን ውስጥ እንደተኛ በየቀኑ ይወቁ። ለሒሳብ ሠራተኛው፦ የወር መጨረሻ ማምሸት ይቅርልሽ፣ ይቅርልህ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ደንበኛ በዓመት 45,000 ብር ይከፍላል ብለሻል። ግማሹ ለሶፍትዌሩ ባለቤት ይሄዳል፣ እናንተ ጋ የሚቀረው 22,500 ነው። ስለዚህ 60,000 ብሩን ለመመለስ ሦስት ደንበኛ ይበቃል። አየሽ? ሥራ አስኪያጅሽ 20,000 ተከታይ ይላል፣ ድርጅቱ የሚያስፈልገው ሦስት ሰው ነው። ዲሞ፣ ማለትም ሶፍትዌሩ ሲሠራ የሚታይበትን ማሳያ፣ ካዩ አራት ሰዎች አንዱ ይገዛል እንበል፤ 12 ሰው ዲሞ ማየት አለበት። ስልኩን ከሰጠሽ ሦስት ሰው አንዱ ዲሞ ለማየት እሺ ይላል እንበል፤ 36 ትክክለኛ ስልክ ቁጥር ያስፈልግሻል። 60,000ን ለ36 ስታካፍዪው ለአንድ ቁጥር እስከ 1,666 ብር ማውጣት ትችያለሽ ማለት ነው። «ከአራት አንድ»ና «ከሦስት አንድ» ያልኩት ለምሳሌ ነው፤ ትክክለኛውን ከሽያጭ ባልደረባሽ ጠይቂና ተኪው። ግን ይህን ሒሳብ ሳትሠሪ አንድ ብር እንዳታወጪ።

መስከረምን ሙሉ ማስታወቂያ አትልቀቂ። በእግርሽ ሂጂ። 20 ነጋዴ አነጋግሪ፣ ከደሴ ፒያሳ ጀምረሽ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ሐይቅ። ልትሸጪላቸው አይደለም። «ትናንት የትኛው ዕቃ ነው በደንብ ያተረፈዎት? ይህን ለማወቅ ስንት ቀን ይፈጅብዎታል?» ብለሽ ጠይቂ፣ የሚሉትን ቃል በቃል ጻፊ። ከባቲ ጋር የሚሠሩትን ሰኞ አትሂጂባቸው፣ ገበያቸው ነው።

ጥቅምት ላይ 6,000 ብር ብቻ አውጪና ሞክሪ። ሁለቱን መልእክቶች ጎን ለጎን ልቀቂ። ብሩን ለስድስት ለሰባት ማስታወቂያ አትበታትኚው። ፌስቡክ አንድ ማስታወቂያ ለማን ማሳየት እንዳለበት በደንብ የሚለየው በሳምንት 50 ያህል ውጤት ሲያገኝ ነው። ባንቺ በጀት በሳምንት 50 ስልክ ቁጥር አይገኝም። ስለዚህ ሲስተሙ ራሱ ያስተካክለዋል ብለሽ አትጠብቂ። ከተማውን፣ ዕድሜውን፣ መልእክቱን አንቺ ነሽ የምትመርጪው።

ሌላው፣ ፌስቡክ ያዘዝሽውን ነው የሚያመጣልሽ። ላይክ ካዘዝሽ ላይክ ማድረግ የሚወዱ ሰዎችን ፈልጎ ያመጣል። ፎርም መሙላት ወይም መልእክት መላክ ካዘዝሽ ያንን የሚያደርጉትን ይፈልጋል። ፖስት ቡስት አድርጎ ላይክ የሚቆጥር ሰው ያዘዘውን አግኝቷል፤ ያዘዘው ግን ደንበኛ አልነበረም። ፌስቡክ ከሚያስመርጣቸው የሰዎች ፍላጎቶች «ቢዝነስ» የሚለውን ብቻ መርጠሽ ብትለቂው ደግሞ ነጋዴ መሆን የሚመኝ ወጣት ሁሉ ይመጣልሻል። ፎርሙ ላይ ሁለት ጥያቄ ጨምሪ፦ ስንት ቅርንጫፍ አለዎት? ሒሳብዎን አሁን በምን ይይዛሉ? ተማሪው እዚያ ላይ ይመለሳል፣ ነጋዴው ይሞላል።

ጎግል ላይ ከሞከርሽ «ነፃ»፣ «ኮርስ»፣ «ፒዲኤፍ»፣ «ክራክ» የሚሉትን ቃላት በአማርኛም በእንግሊዝኛም አስወጪያቸው። እነዚህን ጨምሮ የሚፈልግ ሰው አይገዛም፤ ክሊኩ ግን ያስከፍልሻል። ሊንክዲን በሥራ መደብና በድርጅት መጠን ያስመርጣል፣ ለአዲስ አበባ የፋይናንስ ኃላፊ ጥሩ ነው። ውድ ነው፣ የመርሳን ጅምላ ነጋዴም እዚያ አታገኚውም። ፌስቡክ ደንበኞቻችሁን የሚመስሉ ሰዎችን የሚፈልግበትን «ሉካላይክ» የሚሉትንም ለጊዜው እርሺው። ከአንድ አገር ቢያንስ 100 ሰው የያዘ ዝርዝር ይፈልጋል፤ እናንተ ያላችሁ ደንበኛ 14 ነው ብለሻል። የማስታወቂያው ክፍያ በውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሆነ በደላላ የምታስከፍሉ ከሆነ የሱን ኮሚሽን ከመጀመሪያው ከበጀቱ ላይ ቀንሺው።

ትልቁን ገንዘብ ኅዳር ላይ አውጪ። ደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች ዓመታዊ ግብራቸውን አስታውቀው የሚጨርሱት ጥቅምት 30 ነው። እስከዚያ ሒሳብ ሠራተኛው ቀና ብሎ አያይሽም። ኅዳር ሲገባ ግን ይተነፍሳል። ያ ሁሉ ማምሸት፣ ያ ሁሉ የጠፋ ደረሰኝ ገና ከአእምሮው አልወጣም። ያኔ ነው የሚሰማሽ። የደወለልሽን ሰው ሁሉ ደግሞ «ስለ እኛ የት ሰሙ?» ብለሽ ጠይቂ፣ መልሱን መዝግቢ። በአንድ ስልክ ይሸጣል ብለሽ ግን አትጠብቂ። እኛ አገር ቡና በአቦል አይነሣም፣ ቶናና በረካ አለ። መጀመሪያ ባለቤቱ ያያል፣ ቀጥሎ ሒሳብ ሠራተኛው ይሞክራል፣ ዋጋ የሚነሣው በሦስተኛው ነው።

«ስሜ ይጠፋል» ላልሽው መልሴ ይኸውልሽ። ሳትጀምሪ ለሥራ አስኪያጅሽ አንድ ገጽ ጻፊ። ዓላማው ሦስት ደንበኛ እንደሆነ፣ ሒሳቡ እንዴት እንደተሠራ፣ በ6,000 ብር ሙከራ ቢያንስ ሦስት ትክክለኛ ስልክ ካልመጣ ማስታወቂያው ቆሞ መልእክቱ እንደሚቀየር ጻፊና አስፈርሚው። ከዚያ በየሳምንቱ የወጣውን ብር፣ የመጣውን ስልክ፣ የታየውን ዲሞ መዝግቢ። ደንበኛው ባይመጣ እንኳ የት ቦታ ላይ እንደቀረ ማሳየት ትችያለሽ። መልማይ ሆኜ ሰው መርጫለሁ። «10,000 ላይክ አመጣሁ» የሚል ብዙ አይቻለሁ። «60,000 አውጥቼ 31 ስልክ መጣ፣ 9 ሰው ዲሞ አየ፣ ሁለት ገዛ፣ ሦስተኛው በዋጋ ቀረ» የሚል ሰው ግን እምብዛም አላየሁም። እንዲህ ያለውን ሰው ሌላ ድርጅት ሳይወስደው እቀጥረዋለሁ።

ሥራ አስኪያጅሽ ከአንድ መሥሪያ ቤት ሰው የነጋዴዎች ስልክ ገዝተን ቴክስት እንላክ ማለቱን እምቢ በይ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ላኪዋ አንቺ ስለምትሆኚ ጣጣው ላንቺም ይተርፋል።

ወደ አባትሽ ልምጣ። አከብራቸዋለሁ። ግን ከ9,000 ብር ደሞዝሽ 5,000ውን ለቤት እንደምትሰጪ ጽፈሻል። ደሞዙን እየተቀበሉ ሥራውን ሥራ አይደለም ማለት አይገጥምም። ይህንን በእርጋታ፣ ቡና ላይ፣ እናትሽ ባሉበት ንገሪያቸው። ባንክ መጥፎ አይደለም። ያንቺን ምኞት ሳይሆን ለጎረቤት የሚነገረውን ስም አስበው ሲመርጡልሽ ግን ልክ አይደለም። እስከ ኅዳር መጨረሻ ፈተናውን አታንሺው። ለሦስት ወርም ለቤት 3,000 ስጪ፣ 2,000ውን ለኢንተርኔትና ለትራንስፖርት ያዢ። ወንድምሽ 21 ዓመቱ ነው፤ የጎደለውን ሠርቶ መሙላት ይችላል። ይከፋቸዋል። ይለፍ።

ስለ ሰርተፍኬት፦ የጎግልንና የሃብስፖትን ነፃ ኮርሶች ማታ ማታ ውሰጂ፣ ከፍለሽ አትማሪ። ሶፍትዌሩን ስለመልመድ፦ ፓወር ቢአይ ዴስክቶፕ የሚባለውን የመረጃ መተንተኛ ሶፍትዌር በነፃ አውርደሽ የአጎትሽን ሱቅ ሽያጭ አስገቢበት፤ ዳሽቦርድ፣ ቁጥሮቹን በሥዕል ባንድ ገጽ የሚያሳየው፣ ምን እንደሆነ በሁለት ሳምንት ይገባሻል። እንግሊዝኛሽ ይበቃል። አዲስ አበባ ስለመሄድ፦ አሁን አይደለም። እዚያ ካንቺ ጋር እኩል የሚሠራ ብዙ አለ፣ የደሴንና የወልዲያን ነጋዴ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ለመጀመሪያው ቀን ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ውጪ። ሱቁ ተከፍቷል፣ ገበያው ገና አልሞቀም። ላፕቶፕሽን ቤት ተይው፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል።