ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ በምን ይለያል?

ጥያቄ፦ በብርዱ ወራት ቅርፊታቸውን ከመጽሐፍ ፎቶ ጋር ባስተያይም ሜፕልና አሽ የሚባሉት ዛፎች ይምታቱብኛል። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ከቅርፊቱ አይጀምሩ። ቅርፊት በዕድሜ ይለወጣል፤ በወጣትነቱ ልሙጥ የነበረው ሲያረጅ ይሰነጣጠቃል፣ ፎቶው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የአሮጌ ዛፍ ነው። መጀመሪያ ቀንበጡን ይዩ። እምቡጦቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ከተቀመጡ ምርጫው ወዲያው ይጠባል፦ ከተለመዱት ትልልቅ ዛፎች ሜፕል፣ አሽና ሆርስ ቼስትነት እንዲህ ናቸው። አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ ከተፈራረቁ ኦክ፣ ቢች፣ በርች ወይም ዋልነት ሊሆን ይችላል። አንድ ቀንበጥ ብቻ አይቶ መፍረድ ግን ያሳስታል። ከጥንዱ አንዱ በንፋስ ወይም በእንስሳ ተነቅሎ ሊሆን ስለሚችል አምስት ስድስት ቀንበጥ ይመልከቱ።

የእርስዎ ሁለቱ ዛፎች እምቡጣቸው ጥንድ ጥንድ ስለሆነ የሚለያቸው ከእምቡጡ ሥር ያለው የቅጠሉ ጠባሳ፣ ማለትም ቅጠሉ የረገፈበት ምልክት ነው። 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ሲያዩት የሜፕል አብዛኛውን ጊዜ 3 ነጥብ አለው፤ የአሽ ግን በቅስት የተደረደሩ ብዙ ነጥቦች። የአሽ ቀንበጥ ወፈር ያለ ነው፤ የአውሮፓው አሽ እምቡጥማ ከሰል የመሰለ ጥቁር በመሆኑ መነጽርም አያስፈልገው። ከሜፕሎቹ፣ የስኳር ሜፕል እምቡጥ ቡናማና ሹል፣ የቀይ ሜፕል ቀይና ጫፉ ዶልዷማ ነው።

ጥያቄ፦ ቀንበጥ ቆርጦ ውስጡን ማየት ይጠቅማል?

መልስ፦ በጣም። ኦክን አግድም ሲቆርጡት መሃሉ አምስት ጫፍ ያለው ኮከብ ይመስላል፤ በቀንበጡ ጫፍም እምቡጦቹ ተሰብስበው ይታያሉ። ዋልነትን ግን ከጫፉ ትንሽ ወረድ ብለው በቁመቱ ይሰንጥቁት፤ መሃሉ እንደ መሰላል የተከፋፈለ ነው። ቢላው ዶልዷማ ከሆነ ለስላሳውን መሃል ጨፍልቆ ክፍልፋዮቹን ያጠፋል።

ቼሪና በርች በቅርፊታቸው ላይ ባለው አግድም መስመር ይመሳሰላሉ። ቀንበጡን በጥፍር ፋቅ አድርገው ያሽትቱ፦ የጥቁር ቼሪ መራራ ለውዝ (አልሞንድ) ይሸታል፤ አንዳንዶቹ የበርች ዝርያዎች የጡንቻ ሕመም ማስታገሻ ቅባት ይሸታሉ። ቼሪውን አያኝኩት፤ ሳያናይድ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር አለው።

ቢች ግን በቅርፊቱ ቢጀምሩም ብዙ አያሳስትም። አርጅቶም ልሙጥና ግራጫ ነው፤ 2 ሳንቲ ሜትር የሚደርሰው ቀጭንና ሹል እምቡጡ ያረጋግጥልዎታል።