መልስ፦ ደብረ ብርሃን ያለው፣ ብርድ ልብስ የሚሸጠው የአባቴ ሱቅ በቴሌግራም ሻጮች ደንበኞቹን እያጣ ነው፣ ዱቤውን ላቁም?

ባንዴ አታቁመው፤ ገደብ አብጅለት። የቆዩ ደንበኞቻችሁ ወደ ቴሌግራም ሻጮች ቢሄዱም፣ እዚያ ዱቤ የለም፤ ብርድ ልብሱንም በእጅ ዳስሶ መምረጥ የለም። ለደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

1. የዱቤ ደብተሩን አውጣና መኸር ሲገባ በቃላቸው የሚከፍሉትን ለይ። ዱቤው ለእነሱ ብቻ ይቀጥል።
2. ዓመት ሙሉ ያልተነሳውን ዕቃ በመጣበት ዋጋ ሽጠህ ገንዘቡን ብርድ ልብስና ጋቢ ላይ አውለው።

ያላችሁን ጥንካሬ በችኮላ አትጣሉ። የአሜሪካው የሱቆች ኩባንያ ሲርስ ቤት ድረስ የሚሸጥበትን ትልቁን ካታሎግ (የዕቃ ዝርዝር መጽሐፍ) በ1993 እ.ኤ.አ. አቆመ፤ በኢንተርኔት ቤት ድረስ የሚሸጠው አማዞን በ1994 ተመሠረተ። ሲርስ በ2018 የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ። ምክንያቱ ያ ብቻ ባይሆንም ያሳዝነኛል።

አንድ ጥንቃቄ፦ እኔ የእናቴን ሱቅ ስረከብ ዱቤ የዘጋሁት በሐምሌ ነበር፣ ገብሱ ገና ማሳ ላይ እያለ። ዕዳ ያለባቸው አፍረው በሌላ መንገድ ማለፍ ጀመሩ። ገንዘቡም ሰዎቹም ቀሩ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አንተ ደብተሩን አሁን ብታይም ከታኅሣሥ በፊት ዱቤውን በማንም ላይ አትዝጋ፤ ለደንበኞቹም አባትህ ራሳቸው ይንገሯቸው።