«ሲስተር፣ ቁጥሮቹ ይምታቱብኛል»፦ የሕፃናት ነርሲንግ ጥያቄና መልስ

ለሙያ ፈቃድ ፈተና የምትዘጋጁ ልጆቼ ከላካችኋቸው ጥያቄዎች በብዛት የተደጋገሙትን መርጫለሁ።

ፈጣን ትንፋሽ የሚባለው 50 ነው ወይስ 40? (ተመራቂ፣ ጎንደር)

መጀመሪያ ዕድሜውን እዪ። ከ2 ወር በታች 60፣ ከ2 ወር እስከ 12 ወር 50፣ ከዚያ እስከ 5 ዓመት 40 ከደረሰ ወይም ካለፈ ፈጣን ነው። የ11 ወር ልጅ በደቂቃ 46 ጊዜ ቢተነፍስ ፈጣን አይባልም፤ የ13 ወሩ ግን ይባላል። ቆጠራው ሙሉ 60 ሰከንድ ነው፤ ልጁ ካለቀሰ እስኪረጋጋ ጠብቂ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛትን እርሺው፤ የጨቅላ ትንፋሽ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ቆም ይላል። ከ2 ወር በታች ያለው 60 ከሞላ ደግመሽ ቁጠሪ።

በተቅማጥ ፈሳሽ ያለቀበትን ልጅ ፕላን ቢ ወይስ ፕላን ሲ ልበል? (ነርስ፣ ደሴ)

ፕላን ቢ መጠነኛ ድርቀት ላለበት በአፍ፣ ፕላን ሲ ከባድ ድርቀት ላለበት በደም ሥር ፈሳሽ የመተካት ዕቅድ ነው። ቁጥሩን ከመሸምደድህ በፊት ግን ልጁን እየው። ራሱን የሳተ ወይም የፈዘዘ፣ ዓይኑ የጎደጎደ፣ መጠጣት ያቃተው፣ የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ለመመለስ ከ2 ሰከንድ በላይ የሚወስድበት፤ ከእነዚህ ሁለቱ ካሉ ፕላን ሲ ነው። የሚነጫነጭና ውሃ ሲያይ የሚስገበገብ ከሆነ ግን ወደ ፕላን ቢ ያደላል።

የ9 ወር፣ 8 ኪሎ ሕፃን እንውሰድ። በፕላን ቢ በኪሎ 75 ሚሊ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ቅመም)፣ ማለትም 600 ሚሊ በ4 ሰዓት ይጠጣል። በፕላን ሲ በኪሎ 100 ሚሊ ሪንገር ላክቴት በደም ሥር ይሰጠዋል፦ 240 ሚሊ በመጀመሪያው 1 ሰዓት፣ ቀሪው 560 በሚቀጥሉት 5 ሰዓታት። ዓመት ያለፈው ቢሆን ጊዜው ወደ 30 ደቂቃና ወደ 2 ሰዓት ተኩል ያጥራል።

አደራ የምልህ ግን ሌላ ነው። ጥያቄው ውስጥ «የክንዱ ዙሪያ 11 ሳንቲ ሜትር» ወይም «ሁለቱም እግሮቹ አብጠዋል» የሚል ካየህ ያ ልጅ በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳ ነው፤ ከ6 ወር በላይ ላለ ልጅ ድንበሩ 11.5 ነው። የተዳከመ ልቡ የፈሳሽ ጎርፍ አይችልም። ሾክ (ደም ለሰውነት በበቂ የማይደርስበት አደጋ) ውስጥ ካልገባ በስተቀር በደም ሥር አትስጠው፤ ሪሶማል (ለእንዲህ ያለ ልጅ የተዘጋጀ፣ ጨው የተቀነሰለት የኦአርኤስ ዓይነት) በዝግታ ይጠጣ። ምግቡም ቀለል ባለው የሕክምና ወተት በኤፍ-75 ይጀመራል እንጂ ኃይሉ በበዛው በኤፍ-100 አይደለም።

የመድኃኒት ስሌት ያስፈራኛል። (ተማሪ፣ ጅማ)

12 ኪሎ ልጅ፣ ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ታዘዘለት እንበል፦ 180 ሚሊ ግራም። ሽሮፑ በ5 ሚሊ 120 ሚሊ ግራም ካለው 180 ለ120 አካፍዪ፣ በ5 አባዢ፦ 7.5 ሚሊ። 75 ከመጣልሽ ነጥቡ አምልጦሻል፤ ያን ያህል ሽሮፕ ለአንድ ሕፃን አይጋትም።

እዚህ አሜሪካ ለኤንክሌክስ (ለነርሶች የሙያ ፈቃድ ፈተና) እየተዘጋጀሁ ነው። ትኩሳት ያለው፣ ለሃጩን መዋጥ ያቃተው፣ ወደ ፊት ተደግፎ የተቀመጠ የ4 ዓመት ልጅ ጉሮሮውን ማየት ለምን ስህተት ሆነ? (ቨርጂኒያ)

ኤፒግሎታይተስ (የአየር መንገዱ ክዳን እብጠት) ስለሚያስጠረጥር ነው። ምላሱን በእንጨት ብትጫኚው ያበጠው ክፍል አየር መንገዱን ጨርሶ ሊዘጋው ይችላል። አታስተኚው፣ አታስለቅሺው፣ እናቱ ታቅፋው ትቆይ፤ ቱቦ የሚያስገባው ቡድን በቶሎ ይጠራ። ዋናው መንስኤ የነበረው ሂብ የተባለ ባክቴሪያ በክትባት ስለቀነሰ ሕመሙ ዛሬ ብርቅ ሆኗል። በእኛ አገር የሂብ ክትባት የሚሰጠው በፔንታ (አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ በሚከላከለው ጥምር ክትባት) ውስጥ፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ነው፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ልጅ ሲያጋጥምሽ የክትባት ታሪኩንም ጠይቂ።