ኢ-ተጋማሽ ቁጥር ከአካፋዮቹ ድምር ሊያንስ ይችላል?

ጥያቄ፦ የ12 አካፋዮች፣ ራሱን 12ን ትተን፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4 እና 6 ናቸው፤ ሲደመሩ 16 ይሆናሉ። 18 እና 20ም እንዲሁ ድምራቸው ይበልጣቸዋል። ኢ-ተጋማሽ ቁጥሮችን ግን እስከ 301 ፈትሼ እንዲህ ያለ አንድም አላገኘሁም። ጨርሶ የለም ማለት ነው?

መልስ፦ አለ፤ የመጀመሪያው 945 ነው። ድምሩ ከቁጥሩ ከበለጠ ቁጥሩን «ትርፍ»፣ ካነሰ «ጎደሎ»፣ እኩል ከሆነ «ፍጹም» እንበለው።

945ን በብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ሲጽፉት 3 × 3 × 3 × 5 × 7 ነው። ለእያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር ከ1 ጀምሮ ያሉትን ኃይሎች ይደምሩ። ለ3፦ 1 + 3 + 9 + 27 = 40፤ ለ5፦ 6፤ ለ7፦ 8። ሦስቱን ሲያባዙ 1920 ይመጣል። ይህ 945ን ራሱን ስለሚጨምር ይቀንሱት፤ 975 ይቀራል። ትርፉ 30 ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ሦስቱን 3ቶች ለየብቻ ቆጥረው 4 × 4 × 4 ሲሉ ነው። እንዲህ ሲሆን 9ን የመሰለ አካፋይ ተደጋግሞ ይቆጠራል። በእጅ ዘርዝረው ከሆነ ደግሞ አካፋዮቹ 16 መሆናቸውን፣ ማለትም ከ1 × 945 እስከ 27 × 35 ስምንት ጥንድ መሙላታቸውን ያረጋግጡ።

ከ945 በፊት ለምን ጠፋ? ምክንያቱ በጣም ያምራል። ቁጥሩን ራሱን የሚጨምረው ድምር ከቁጥሩ 2 እጥፍ መብለጥ አለበት። የ3 ኃይሎች የቱንም ያህል ቢበዙ ከ3/2 እጥፍ በላይ አይሰጡም፤ የ5 ኃይሎች ከ5/4፣ የ7 ከ7/6 አያልፉም። 3 እና 5 ብቻቸውን ቢበዛ 1.875 ስለሚደርሱ ሦስተኛ ብቸኛ ቁጥር የግድ ነው። እሱም 7፣ 11 ወይም 13 መሆን አለበት፤ 17 ቢሆን ከ2 በታች ይቀራል። 5ን ትተን 3፣ 7 እና 11ን ብንወስድም 1.925 ላይ ይቆማል። አራት የተለያዩ ብቸኛ ቁጥሮች እንዳንወስድ ትንሹ ብዜታቸው 1155 ነው። ስለዚህ ከ945 በታች መፈተሽ ያለባቸው ዘጠኝ ብቻ ናቸው፦ 105፣ 165፣ 195፣ 315፣ 495፣ 525፣ 585፣ 735 እና 825። ሁሉም ጎደሎ ናቸው። እርስዎ ካቆሙበት ብዙም የማይርቀው 315 ግን ለጥቂት ነው ያመለጠው፤ ድምሩ 309 ነው።

አንዱ ከተገኘ ሌሎቹ ማለቂያ የላቸውም። 945ን በ3 ቢያባዙ 2835 ይሆናል። የቀድሞዎቹ አካፋዮች በ3 ሲባዙ የአዲሱ አካፋዮች ናቸው፤ ድምራቸው ብቻ 2925 ስለሆነ ገና 1ን ሳንጨምር አልፏል። በየትኛውም ኢ-ተጋማሽ ቁጥር ቢያባዙ ያው ነው። ሁሉም ትርፍ የ945 ብዜት ነው ብለው ግን አይደምድሙ፤ ቀጣዩ ትርፍ ኢ-ተጋማሽ ቁጥር 1575 ነው፤ የ945 ብዜት አይደለም፣ ድምሩም 1649 ነው። በ2ም በ3ም የማይካፈል ትርፍ ቁጥር ከፈለጉ ደግሞ ትንሹ 5391411025 ነው።

ኢ-ተጋማሽ የሆነ ፍጹም ቁጥር ግን እስካሁን አልተገኘም፤ ሊኖር እንደማይችልም ማንም አላረጋገጠም።