መልስ፦ የኒል ጋው ሙሾ የወጣው ለማን ነው?

ስኮትላንዳዊው ቫዮሊን ተጫዋች ኒል ጋው ለሁለተኛ ሚስቱ ሞት ስላወጣው ሙሾ፣ “ዜማው ለሁለተኛዋ ሚስት ከሆነ የመጀመሪያዋ ተረስታ ነው ወይ? ሙሾ ሆኖስ ለምን አያስለቅስም?” ብለው ጠይቀዋል።

አልተረሳችም። የኒል ጋው የልጆቹ እናት የመጀመሪያዋ ሚስቱ ማርጋሬት ዋይዝማን ነበረች። እርሷ ካረፈች በኋላ ማርጋሬት ኧርኩሃርትን አገባ። ከደንኬልድ ከተማ አጠገብ ባለችው ኢንቨር በምትባል የስኮትላንድ መንደር ከሠላሳ ዓመት በላይ አብረው ኖሩ። በ1805 እ.ኤ.አ. ስትሞትበት ዕድሜው ወደ ሰማንያ ተጠግቶ ነበር። ሙሾውን ያወጣው ያኔ ነው፤ እርሱም በ1807 ተከተላት።

ጋው በአገሩ ስሙ የገነነው በጭፈራ ዜማ ነው። በተለይ የቫዮሊኑን መምቻ ደጋን ወደ ላይ ሲገፋ የሚያወጣው ድምፅ ኃይል ሰውን ሁሉ ያስደንቅ ነበር። ሠዓሊው ሄንሪ ሬበርን የሣለውን የጋውን ሥዕል ይመልከቱ፤ ባለ መስመር ቁምጣ ሱሪ ለብሶ፣ ቫዮሊኑን አገጩ ሥር አድርጎ ተቀምጧል። እንግዲህ ያ አዳራሽ ሙሉ ሰው የሚያስጨፍር ክንድ በዚህ ዜማ ላይ እንዴት እንደሚለዝብ ያዳምጡ።

አያስለቅስም ያሉት ግን ለእኔ የዜማው ትልቁ ውበት ነው። የተሠራው ብሩህ በሆነው በዲ ሜጀር ቅኝት ነው። የመጀመሪያው ክፍል ረጋ ብሎ፣ እያወጋ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ወደ ላይኛው ድምፅ ይወጣና ቀስ እያለ ይመለሳል። እኔ የምሰማው ዋይታ ሳይሆን የረጅም ትዳር ምስጋና ነው። ሲጫወቱት አያፍጥኑት፤ ከፍ ያለው ድምፅ ላይ ሲደርሱ ደጋኑን ጥቂት ያቆዩት።